ስለ ሰሜኑ የበረዶ ምድር ለልጅ የትኛውን እውነተኛ ታሪክ እንምረጥ?

ልጃችሁ ስለ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ኑሮ ማንበብ ሲፈልግ መደብሩም ቤተ መጻሕፍቱም የሚያወጣላችሁ ክምር ይመሳሰላል። ሽፋኑ ላይ ነጭ ሜዳ፣ ውሾች፣ በበረዶ የሚንሸራተት ጋሪ፣ አንዳንዴም ተኩላ አለ። ውስጡ ግን የተለያየ ነው። አንዱን የጻፈው እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ሌላውን በፈቃዱ ከሩቅ አገር የሄደ እንግዳ ጽፎታል። ሦስተኛውን የጻፈው በግዞት ተጭኖ የተወሰደ ነው። የቀረው ቦታውን ያልኖረበት ጸሐፊ ከሰነድ የለቀመው ነው። ያው ብርድ ለመጀመሪያው የአገሩ አየር፣ ለሁለተኛው የተመኘው ጉዞ፣ ለሦስተኛው እስር ቤት ነው። ስለዚህ ዕድሜና የገጽ ብዛት ከማየታችሁ በፊት ተራኪው እዚያ ምን አደረሰው ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ስለ ሕዝቡ የሚይዘው ሥዕል በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

እዚህ የምናነጻጽራቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የሚገኙ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ እውነት መሆኑን አረጋግጡ

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ጽሑፍ «እውነተኛ ታሪክ» ማለት አይደለም። ከርዕስ ገጹ ጀርባ የአሳታሚውን መረጃ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ልብ ወለድ ወይም የሕይወት ታሪክ መሆኑ እዚያ ተመድቦ ይገኛል። ቀጥሎ መጨረሻው ላይ ያለውን የደራሲ ማስታወሻ አንብቡ። ጥሩ ደራሲ የቱን ንግግር ራሱ እንደፈጠረ፣ የትኛውን ስም እንደቀየረ ይናገራል። ማስታወሻ የሌለው፣ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የተደረገ ጭውውትን ቃል በቃል የሚያስነብብ መጽሐፍ ከሆነ ንግግሩ የተፈጠረ ነው ብላችሁ ያዙት።

በዚህ ረገድ ሰው የሚሳሳትባቸው አሉ። «ጁሊ ኦቭ ዘ ዉልቭስ» (1972) በየዝርዝሩ ከእውነተኞቹ ጋር ተሰልፎ ይገኛል፤ ልብ ወለድ ነው። «ኔቨር ክራይ ዉልፍ» (1963) ደግሞ እንደ እውነተኛ ገጠመኝ ታትሞ ብዙ ሰው ቢወደውም፣ ተኩላ የሚያጠኑ ባለሙያዎች የተፈጠረ ነገር አለበት ብለው አጥብቀው ተችተውታል። ለልጅ አይሰጥ ማለት አይደለም፤ እንደ ማስረጃ ለትምህርት ቤት ጽሑፍ አይጠቀስ ማለት ነው።

መጽሐፉን ሳታነቡ በአንድ ደቂቃ የምታዩአቸው ምልክቶችም አሉ። የዋልታ ድብና ፔንግዊን በአንድ ሥዕል ላይ ካሉ መልሱት፤ ድቡ በሰሜን እንጂ በደቡብ ዋልታ አይኖርም፣ ፔንግዊን ደግሞ በአርክቲክ የለም። የሰሜን ሰው ሁሉ በበረዶ ጎጆ ይኖራል የሚልም ይጠርጠር። የበረዶ ጎጆ በተለይ በካናዳ አርክቲክ የክረምትና የአደን ማደሪያ ነበር፤ በግሪንላንድና በአላስካ ሰዉ የሚኖረው ከሣር መሬት በተቆረጠ አፈር፣ በድንጋይና ባሕር በተፋው እንጨት በተሠራ ቤት ነበር። ኢግሉ የሚለው ቃል ራሱ በኢኑይቶች ቋንቋ ቤት ማለት ነው። በአሮጌ መጻሕፍት የምታገኙት «ኤስኪሞ» የሚለው ስምም ዛሬ በካናዳና በግሪንላንድ ተቀባይነት የለውም፤ ኢኑይት ይባላሉ፣ ነጠላው ኢኑክ ነው። በ1912 የታተመ መጽሐፍ ውስጥ ቢገኝ አያስደንቅም፣ ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ዘንድሮ በታተመ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ያለ ማብራሪያ ከተደጋገመ ግን ደራሲው አገሬውን እንዳልጠየቀ ያሳብቃል።

ከቤቱ ሰው አፍ፦ የኡሊማውን መጻሕፍት

ከክምሩ አንድ ብቻ ግዙ ብንባል የምንመርጠው «ፋቲ ሌግስ»ን ነው፤ «ወፍራም እግሮች» ማለት ነው። በ2010 የታተመ ሲሆን ኡሊማውን (ማርጋሬት) ፖኪያክ ፌንተን ከልጇ ሚስት ከክሪስቲ ጆርደን ፌንተን ጋር የጻፈችው የራሷ የልጅነት ታሪክ ነው። ኡሊማውን የኢኑቪያሉት፣ ማለትም በካናዳ ምዕራባዊ አርክቲክ የሚኖሩ ኢኑይቶች፣ ተወላጅ ናት፤ ያደገችው በካናዳ ሰሜን ምዕራብ በባንክስ ደሴት ነው። ታላቅ እህቷ መጽሐፍ ስታነብላት ፊደሉ ምን እንደሚል ለማወቅ ትቃጠላለች። አባቷን ለምና፣ ለምና፣ በ8 ዓመቷ ማኬንዚ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አክላቪክ ወደሚገኘው የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። እዚያ ጸጉሯ ይቆረጣል፣ ስሟ ይቀየራል፣ በትምህርት ፈንታ ብዙውን ጊዜ ሥራ ይጫንባታል።

የመጽሐፉ ማጠንጠኛ አንድ ካልሲ ነው። አንዲት መነኩሲት ለሌሎቹ ሴት ልጆች ግራጫ፣ ለእሷ ብቻ ቀይ ረጅም ካልሲ ትሰጣታለች። ካልሲው እግሯን ያወፍራል፤ ልጆቹ ይስቁባታል። ኡሊማውን አትመታም፣ አትሳደብም። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ውኃው በሚፈላበት በርሜል ሥር ካለው እሳት ካልሲውን ትጨምረዋለች። የስሟ ትርጉም የሴቶች ቢላዋ የሚሳልበት ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ቢላዋውን ሲስል ራሱም እንደሚያልቅ አባቷ አስቀድሞ ነግሯታል። ልጅ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ውርደት ምን እንደሆነ፣ እልህ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ይገባዋል። በመጽሐፉ መጨረሻ ያሉት ፎቶግራፎችም ልጁን «ለካ እውነት ነው» የሚያሰኙ ናቸው።

የገጹ ብዛት ከመቶ ብዙም ስለማያልፍ ብዙ ወላጅ ለ7 ዓመት ልጅ ይሰጠዋል፤ ይህ የተለመደ ስሕተት ነው። ደም የለበትም፣ ግን አዋቂ ሕፃንን ሆን ብሎ ሲያዋርድ ያሳያል፤ ከ9 ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻውን ሲያነበው ይከብዳል። ለትንንሾቹ እነዚያው ደራሲዎች በ2013 «ዌን አይ ዎዝ ኤይት» የሚል የሥዕል መጽሐፍ አውጥተዋል፤ ታሪኩ ያው፣ ቃሉ ጥቂት፣ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ነው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ለሆነ ልጅ አብራችሁ አንብቡት።

ተከታዩን «ኤ ስትሬንጀር አት ሆም» (2011) ሳታነቡ ግን አታቁሙ። የመጀመሪያው ልጅቷ ወደ ቤት በመመለሷ ያበቃል፤ አንባቢው ልጅም ነገሩ እዚያው የተፈወሰ ይመስለዋል። ሁለተኛው ያንን ያፈርሳል። 10 ዓመት የሞላት ኡሊማውን ከመርከቡ ስትወርድ እናቷ አይታ «ይቺ ልጄ አይደለችም» ትላለች። የእናቷን ቋንቋ ረስታለች፣ የቤቷ ምግብ አልዋጥ ይላታል። በልጆች ሥዕል መጽሐፍ መልኩ «ኖት ማይ ገርል» (2014) ተብሏል። በአማርኛ ሲጠሩት በእንግሊዝኛ ወይም በኖርዌይኛ የሚመልስ ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህ መጽሐፍ ቅርብ ነው፤ እናትና ልጅ አንድ ማዕድ ቀርበው ቃል ሲያጡ ያሳያል። ልዩነቱን ግን ለልጁ ንገሩት፤ የኡሊማውን ቋንቋ የጠፋው በትምህርት ቤቱ ተከልክሎ ነው። በካናዳ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ያለፉት የአገሬው ተወላጅ ልጆች ወደ 150,000 ይገመታሉ፤ መንግሥቱ በ2008 ይቅርታ ጠይቋል።

በፈቃዳቸው የሄዱ እንግዶች

«ውድሶንግ» (1990) የጌሪ ፖልሰን ነው። ግማሹ በሚኔሶታ ደን ውስጥ ከውሾቹ ጋር ያሳለፈው ኑሮ፣ ግማሹ ከአንኮሬጅ እስከ ኖም ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው የኢዲታሮድ የውሻ ጋሪ ውድድር ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ቀላል ናቸው፤ ማንበብ የማይወድ ልጅ እንኳ ይይዘዋል። ችግሩ መግቢያው ላይ ነው። ተኩላዎች በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ አንዲት አጋዘን ሲገድሉ ከነደሙ ይተርካል። ደራሲው ይህን ያስቀደመው በምክንያት ነው፤ ተፈጥሮን በሰው ሕግ መዳኘት እንደማይቻል የተማረበት ቀን ስለሆነ። ሆኖም እንስሳ የሚወድ የ9 ዓመት ልጅ ገና በመጀመሪያው ገጽ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሁን። መግቢያው ለከበደው ልጅ ከሁለተኛው ክፍል ብታስጀምሩት አይጎድልበትም፤ ውድድሩ ከአንደኛው ቀን እስከ አሥራ ሰባተኛው ቀን እንደ ማስታወሻ ደብተር በየቀኑ ስለተከፈለ ራሱን ችሎ ይነበባል። እንቅልፍ ማጣት ለሰው የሌለ ነገር እንዴት እንደሚያሳየው የሚናገረው ክፍል በተለይ ጥሩ ነው።

ይህ መጽሐፍ የሰውና የውሻ መጽሐፍ ነው። አላስካ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ በመንገድ ዳር ታይቶ የሚያልፍ ነው፤ ስለ ሕዝቡ ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ልጅ ከዚህ ብዙ አያገኝም።

ቴቴ ሚሼል ክፖማሲ ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው። በቶጎ ተወልዶ ያደገው ይህ ሰው በልጅነቱ ኮኮናት ዛፍ ላይ ወጥቶ እባብ ሲመጣበት ይወድቃል። ሲድን ለእባብ አምልኮ ካህንነት ሊሰጡት ሲያስቡ በሎሜ ከተማ ስለ ግሪንላንድ የሚናገር መጽሐፍ ያገኛል። እባብም ዛፍም የሌለበት አገር! ከቤት ጠፍቶ፣ በየአገሩ እየሠራና ገንዘብ እያጠራቀመ፣ ከዓመታት በኋላ በ1965 ግሪንላንድ ይደርሳል። የጻፈው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ በ1981 ወጣ፤ በእንግሊዝኛ «አን አፍሪካን ኢን ግሪንላንድ» ተባለ።

የሰሜን መጻሕፍት አብዛኞቹ የአገሬውን ልማድ የሚለኩት በአውሮፓ ሚዛን ነው። ክፖማሲ የሚለካው በመንደሩ ሚዛን ነው። ያልተጠራ እንግዳ ገብቶ ሲበላ አይገርመውም፤ በአገሩም እንዲሁ ነው። አዳኞቹ የሚፈሩትን መንፈስ አይስቅበትም፤ ከቶጎ መናፍስት ጋር ያስተያየዋል። የሚገርመው በሌላ ነገር ነው። ሰሜን ወጥቶ ኡፐርናቪክ ሲደርስ ሮበርት ማታክ በሚባል ሽማግሌ የአፈር ጎጆ ያድራል። የጎጆው ግድግዳ ከጋዜጣና ከመጽሔት በተቀደዱ ገጾች ተለብጧል፤ ሽማግሌው ለዓመታት ሲለጥፍ ኖሮ ግድግዳው ቤተ መጻሕፍቱ ሆኗል። ጭቃ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ሲለጠፍ ያየ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ገጽ ሲያነብ ማንም ሳያስረዳው ቤቱን ያውቀዋል።

ዕድሜው ግን 16ና ከዚያ በላይ ነው። መጠጥና የወንድና የሴት ግንኙነት ሳይሸፋፈን ተጽፏል፤ ውሻ የሚበላበት ቦታም አለ። ለ12 ወይም 13 ዓመት ልጅ እናንተ አስቀድማችሁ አንብባችሁ፣ የቶጎውን መጀመሪያና የማታክን ጎጆ ብቻ መርጣችሁ ብታነቡለት ያዋጣል። ወደ 300 ገጽ ስለሆነ ሙሉውን ባንድ ጊዜ አታሸክሙት።

የግዞት መጻሕፍት

ሁለቱን አታምታቱ። «ዚ ኤንድለስ ስቴፕ» (1968) የኤስተር ሃውትዚግ ግለ ታሪክ ነው። በ1941 በ10 ዓመቷ ከቪልና (የዛሬዋ ቪልኒየስ) ከቤተሰቧ ጋር ተጭና በአልታይ ግዛት ሩብትሶቭስክ አምስት ዓመት ያህል ቆየች። ቦታው ደቡብ ሳይቤሪያ እንጂ አርክቲክ አይደለም፤ ክረምቱ ግን የሚምር አይደለም። ረሃብ አለበት፣ ቢሆንም ልጅቷ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ጓደኛ ትይዛለች፣ ከ11 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ ይሆናል።

ዳሊያ ግሪንኬቪቹቴ የጻፈችው «ሻዶውስ ኦን ዘ ተንድራ» ከዚህ በእጅጉ ይከብዳል። በዚያው በ1941 በ14 ዓመቷ ከሊትዌኒያ ተግዛ በኋላ ሌና ወንዝ ላፕቴቭ ባሕር በሚገባበት ትሮፊሞቭስክ ወደሚባል ደሴት ተወሰደች፤ ሰው በረሃብና በብርድ እንደ ቅጠል የረገፈበት ቦታ ነው። አምልጣ ስትመለስ የጻፈችውን ወረቀት በማሰሮ አድርጋ ጓሮ ቀበረችው፤ የተገኘው እሷ ከሞተች በኋላ በ1991 ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ2018 ወጥቷል። አስከሬን በዝርዝር ስለሚገልጽ ከ16 ዓመት በታች አንመክረውም። ስለዚያው ቦታ ቀለል ያለ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው «ቢትዊን ሼድስ ኦቭ ግሬይ» (2011) ነው፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ነገር ግን ልብ ወለድ መሆኑን አውቆ ያንብብ።

ከሰነድ የተለቀሙ፦ የኖም መድኃኒትና ማቲው ሄንሰን

በ1925 በአላስካ ኖም ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል ጉሮሮ የሚዘጋ ተላላፊ በሽታ ገባ። 20 የውሻ ጋሪ ነጂዎች መድኃኒቱን ከኔናና አንስተው 674 ማይል፣ ማለትም 1,085 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአምስት ቀን ተኩል ተቀባብለው አደረሱ። ስለዚህ ነገር የተጻፉት የልጆች መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ለመምረጥ ሦስት ነገር ፈልጉ። ቶጎ የተባለው ውሻ ተጠቅሷል? መድረሻው ላይ የታየው ባልቶ የተባለ ሌላ ውሻ ዝናውን ወሰደ፣ ረጅሙንና አደገኛውን ክፍል የሮጠው ግን በሊዮንሃርድ ሴፓላ የሚመራው ቶጎ ነው። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ የአላስካ ተወላጆች እንደነበሩ ይናገራል? ካርታስ አለው? ሦስቱንም የያዘ ከ8 ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ ግሩም መነሻ ነው፤ ማንም የማይሞትበት ባይሆንም ፍጻሜው ደስ ይላል።

ማቲው ሄንሰን በ1866 በሜሪላንድ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1909 ከአሜሪካዊው አሳሽ ከሮበርት ፒሪና ከአራት ኢኑይቶች ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ ተጉዟል፤ ነጥቡ ላይ በትክክል ደርሰዋል ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የአራቱ ስም ኡታ፣ ኤጊንግዋ፣ ሲግሉና ኡኬያ ነው። ስለ ሄንሰን የልጆች መጽሐፍ ስትመርጡ እነዚህ ስሞች መኖራቸውን እዩ፤ «ከረዳቶቹ ጋር» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ በሄንሰን ላይ ለረጅም ጊዜ የተፈጸመውን መረሳት በእነሱ ላይ ይደግመዋል። ፒሪ በ1897 ስድስት ኢኑይቶችን ወደ ኒውዮርክ ወስዶ አራቱ እዚያ መሞታቸውንም ብዙዎቹ መጻሕፍት ይዘሉታል።

በአማርኛ እየተረጎማችሁ ስታነቡ

ብዙ ወላጅ እንግሊዝኛውን እያየ በአማርኛ ያነባል። መጀመሪያ የሚያሰናክለው «በረዶ» ነው። ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳው፣ ረግቶ ድንጋይ የሆነው፣ ጣራ የሚደበድበው፣ ሁሉም በአማርኛ በረዶ ነው፤ አገር ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ በረዶ ሲባል የሚመጣበት ጣራ የሚደበድበው ነው። ገና ሳትጀምሩ ተስማሙ፤ ለሚወርደው ለስላሳ ስኖው፣ ለረጋው ግግር በረዶ፣ ጠዋት ሣር ላይ ለሚጋገረው አመዳይ፣ ውቅያኖስ ላይ ለሚረጋው የባሕር በረዶ በሉ። በተለይ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የባሕር በረዶ መንገድ ነው፣ ማደኛ ነው፤ ሲሰነጠቅ መንገድ እንደ ተቆረጠ ካልገባው ልጁ አዳኙ ለምን እንደፈራ አይረዳም።

ሙቀቱ በአሜሪካ መጻሕፍት በፋራናይት ነው። ከዜሮ በታች 40 ላይ ሁለቱ መለኪያዎች ይገናኛሉ፤ ከዚያ ውጭ 32 ቀንሳችሁ በ5 አባዙ፣ ለ9 አካፍሉ። ከዜሮ በታች 50 ፋራናይት ከዜሮ በታች 46 ሴልሺየስ ያህል ነው። ሰዓቱንም ወደ እኛ ቁጥር መልሱት፤ «ከጠዋቱ ሦስት» የሚመስለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የቀትር ጨለማ ሲመጣ ቆም በሉ። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ በአላስካ ጫፍ ባለችው ኡትኪያግቪክ ግን በክረምት ሁለት ወር ያህል ፀሐይ አትወጣም። ለልጁ ሉል ወይም ብርቱካን በባትሪ መብራት ፊት አጋድላችሁ ብታሳዩት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለየትኛው ልጅ የትኛው

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጀምር የ6 ዓመት ልጅ «ዌን አይ ዎዝ ኤይት»። ጀብዱ ለሚወድ የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ስለ ኖም መድኃኒት ከሚናገሩት ካርታ ያለው። ለ10 ዓመት «ፋቲ ሌግስ» ከነተከታዩ፤ ወንድ ልጅ የሴት ልጅ ታሪክ አያነብም ብላችሁ አታስቀሩበት፣ የካልሲው ነገር ሁሉንም ይይዛል። ማንበብ ለሰለቸው የ13 ዓመት ልጅ «ውድሶንግ»። ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ለሚያድግ ወጣት ክፖማሲ።

ስታዝዙ ሁለት ነገር ልብ በሉ። «ፋቲ ሌግስ» በ2020 አሥረኛ ዓመቱን አስመልክቶ ተሻሽሎ ስለታተመ፣ ለክፍል የምትገዙ ከሆነ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት እትም ይያዝ፤ ካልሆነ የገጽ ቁጥር አይገጥምም። የክፖማሲው መጽሐፍ ደግሞ በ2022 «ሚሼል ዘ ጃይንት» በሚል ርዕስ እንደገና ወጥቷል፤ ያው መጽሐፍ ነው፣ ሁለቱንም እንዳትገዙ።